ከዓይኔ ተመልሶ የወጣው ሌንስ

ደብረ ታቦር ገበያ ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ጥግ ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሥራዬ የስፌት መኪና መጠገን ነው። በከተማችን ይህን ሥራ የምትሠራ ሴት ከእኔ ሌላ አላውቅም፤ ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ሱቄ ድረስ እየመጡ «እትዬ የሻረግ፣ ዓይንዎን ምን አድርገውት ዳነ?» የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ ነው። ለአንዱ ስነግር ለሌላው ይቀርብኛል፤ አንዳንዱም የነገርኩትን እያጣመመ ሲያወራው እሰማለሁ። ስለዚህ የደረሰብኝን ከመጀመሪያው ጀምሬ ላስቀምጠው።

ልጅ ሳለሁ አባቴ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ በየገበያው ቀን ገሳይ፣ አንበሳሜ፣ እብናት ድረስ ሲሄድ የዘይቱን ቆርቆሮ ይዤ እከተለው ነበር። ያን ጊዜ የሰፊዎች በረንዳ ከሩቅ ይሰማል። መኪናው ሁሉ በእግር የሚረገጥ ነው፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ የሚወርድ ይመስላል። አባቴ የተበላሸውን መኪና ከመፍታቱ በፊት «እስቲ ርገጠው» ይልና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ከዚያ «ሞላው ደክሟል» ወይም «የታቹ ክር ቤት ነው» ይላል። ሲሳሳት አላየሁትም። ዛሬ በበረንዳው ላይ ካሉት መኪናዎች ብዙዎቹ በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ ድምፃቸው ሌላ ነው። የድሮው ድምፅ ግን አሁንም አንዳንዴ የሰማሁት እየመሰለኝ ከሥራዬ ቀና እላለሁ።

ሕመሜ የጀመረው በመርፌ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የጠገንኩትን መኪና ልሞክር ብዬ ክር ላስገባ ስል ቀዳዳው ጠፋ። መርፌው አለ፤ ቀዳዳው የለም። ክሩን በምራቄ አሹዬ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ዞርኩ። ጭራሽ ባሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ልብ ብዬ ሳየው ፀሐይ ላይ ስወጣ ሁሉም ነገር ወተት የተደፋበት ይመስለኛል፤ ጥላ ውስጥ ስገባ፣ ሰማዩም ሲደመን ይሻለኛል። የመኪና መብራት ከፊቴ ሲመጣ ዙሪያውን ጨረር ያወጣል። ዓይኑ የደከመ ሰው ብርሃን ሲፈልግ ነው የማውቀው፤ እኔ ግን ከብርሃን እሸሽ ጀመር።

በመጀመሪያ ያደረግሁት ሁላችንም የምናደርገውን ነው። ከገበያ መነጽር ገዛሁ። ለሁለት ወር ያህል የረዳኝ መሰለኝ፤ ከዚያ ሌላ ወፈር ያለ ገዛሁ። ቀጥሎ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ዓይኔን እንደሚያቃጥለኝ ብናገር «የአቧራ አለርጂ ነው» ተብዬ ጠብታ ተሰጠኝ። ማቃጠሉን ስላስታገሰልኝ ባለቀ ቁጥር እየገዛሁ ብዙ ወራት ጨመርኩት። እንዲህ ያለው ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ዓይንን ሊጎዳ እንደሚችል ያወቅሁት በኋላ ነው። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ስኳር ነው ብሎ ጠረጠረና ደሜን መረመረ፤ ስኳር የለብኝም። ሌላው ዕድሜዬን ጠየቀኝ። ሃምሳ ስምንት ስለው ብዕሩን አስቀመጠና «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው» አለኝ። ያን ቀን እፎይ ብዬ ወደ ቤቴ መመለሴ አሁን ሲታሰበኝ ይገርመኛል። ዕድሜ ከሆነማ በሽታ አይደለም ብዬ ነበር።

ባለቤቴ መሪጌታ ናቸው፤ በደብራችን ዜማ ያስተምራሉ። ለእሳቸው እንኳ በደንብ አልነገርኳቸውም። ጠበል ሂጂ ሲሉኝ ሄድኩ። በጠበሉ ቦታ አንዲት የማላውቃት ሴት የሚያንሸራትተውን ድንጋይ እጄን ይዛ አሻገረችኝ፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ጠበሉ ልቤን አረጋጋኝ። ዓይኔ ግን እንደዚያው ነበር።

ሱቄ ውስጥ በጣቴ እየዳሰስኩ መሥራት ጀመርኩ። ጠመዝማዛውን ቪቴ በጥፍሬ፣ ሞላውን በአውራ ጣቴ አውቀዋለሁ። ማንም አላወቀብኝም ብዬ ነበር፤ አንድ ቀን ጋሽ ይርሳው፣ የአባቴ ጓደኛ የነበረው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ ነጭ ጨርቅ ተሸክሞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። የሙሽራ ቀሚስ ነው። ወገቡ ላይ ስንጥቅ ብሏል። መኪናውን ስጠግንለት የማይመጥን መርፌ፣ ያውም በተገላቢጦሽ አስገብቼ ኖሯል።

«ልጄ፣ እጅሽ አይደለም ይህን ያደረገው» አለኝ። «እጅሽን አውቀዋለሁ።»

ቀሚሱን ሳብ አድርጌ ስንጥቁን በጣቴ ዳሰስኩት።

«አባትሽም እንዲህ ነው የጀመራቸው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አባቴ የመጨረሻ ዓመታቱን ዓይኑ ጠፍቶ ነው የኖረው። በረንዳው ላይ የሚቀመጥበት ዱካ አስቀምጠንለት ሰፊዎቹ መኪናቸውን ከፊቱ ይረግጡለት ነበር፤ እሱ እያዳመጠ ይነግረኛል፣ እኔ እፈታለሁ። ሰው ሁሉ «እንዲያው ጆሯቸው!» እያለ ያደንቀው ነበር። እኛም ልጆቹ ኮርተንበት ነበር። አንድም ቀን ሐኪም ዘንድ እንውሰደው ያለ ሰው የለም። አርጅቷል፣ በቃ።

ጋሽ ይርሳው ሲሄድ የሱቄን በር ዘግቼ አለቀስኩ። ወደ ቤት ሄጄም ለመሪጌታ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጽሐፋቸውን አጥፈው «ይህን ያህል ጊዜ ብቻሽን ነው የተሸከምሽው?» አሉኝ። ተቆጥተው ነበር፤ ግን በበሽታው ሳይሆን በዝምታዬ ነው።

ባሕር ዳር የምታስተምር ልጅ አለችን፣ ሰብለ። ስትሰማ በማግስቱ መጥታ ወሰደችኝ። ገና ሐኪሙ በማሽኑ ዓይኔን እንዳየ ስሙን ነገረኝ፦ የዓይን ሞራ ግርዶሽ። ዓይናችን ውስጥ ጥርት ያለ ሌንስ አለ፤ ብርሃን በእሱ ነው የሚያልፈው። ሲቆይ እንደ ሞራ ይነጣል። መድኃኒቱ ጠብታም መነጽርም አይደለም፤ የነጣውን አውጥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ማስገባት ነው። «ቀላል ነው፣ ቶሎ ያልቃል» አለኝ። ለብዙ ሰው እውነትም ቀላል ነው።

ለእኔ ግን እንዲያ አልሆነም። ቀዶ ሕክምናው ሲሠራ አያስተኙም፤ ዓይንን ብቻ ያደነዝዛሉ። ስለዚህ ሁሉንም እሰማለሁ። ሐኪሙ በመሐል ከረዳቱ ጋር ስለ በዓል ከብት ዋጋ ያወራ ነበር። ከዚያ ወሬው ቆመ። «ቆይ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቆይ፣ ቆይ… እግሩ ተሰብሯል። አውጣው።» እኔ የራሴ እግር መስሎኝ ጣቶቼን አንቀሳቀስኩ።

በኋላ ተቀምጦ በግልጽ አስረዳኝ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ሌንሱ ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ በእነሱ ነው ዓይን ውስጥ ተደግፎ የሚቆመው። ተጠቅልሎ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ይገባና በመግፊያ ተገፍቶ ዓይን ውስጥ ሲደርስ ይዘረጋል። የእኔው ቱቦው አፍ ላይ ያዝ አድርጎት ቆየና በአንዴ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ አንድ እግሩ ተቆረጠ። የሚያርፍበትንም ስስ ከረጢት ጫረው። በዚያው ቀን ሌላ ማስገባት አደጋ ስለነበረው ቁስሉ እስኪድን ቤቴ ሆኜ እንድጠብቅ ተነገረኝ።

በዚህ መሐል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ተዘጋና ወራት አለፉ። ሌንስ የሌለው ቀኝ ዓይኔ ብርሃን ያስገባል እንጂ ቅርጽ አያወጣም፤ ሰው ሲመጣብኝ ውኃ ውስጥ የቆመ ይመስለኛል። ግራው እየነጣ ሄደ። ሱቄን ዘጋሁ። ሰብለ በስልክ «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?» ባለችኝ ቁጥር ቶሎ ልዘጋባት እቸኩል ነበር። አንድ ቀን «ባትወስጂኝ ይሻለኝ ነበር» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ለአባቷ ብቻ ትደውል ጀመር። መሪጌታ ስልኩን ወደ እኔ ሲዘረጉ ሥራ ያለብኝ እመስላለሁ። ምን ሥራ ነበረኝ!

መጨረሻ ላይ እጄን ይዘው እዚሁ ከተማችን ወዳለው ሆስፒታል የዓይን ክፍል የወሰዱኝ መሪጌታ ናቸው። አግዳሚው ሞልቷል። ከጉና ተራራ ሥር የመጡ አንድ ቄስ ነጠላቸውን ዓይናቸው ድረስ ስበው ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ። ከአጠገቤ የተቀመጠች የእብናት ሴት የያዘችውን ቆሎ በእጄ ላይ እያደረገች «አይዞሽ እህቴ፣ እዚህ ስንደርስ ግማሹ ድነናል» ትለኛለች። እሷም አታይም። እኔ ግን ወደ ቤቴ ልመለስ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ።

የዓይን ሐኪሟ ዶክተር ሰናይት ትባላለች። ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። ሁለቱንም ዓይኔን ብዙ ጊዜ ወስዳ አየች።

«እትዬ የሻረግ፣ መጀመሪያ ግራውን እንሠራለን» አለችኝ። «ቀኙም አልጠፋም። ከረጢቱ ቢጫርም ከፊቱ ሌንስ የሚያስቀምጥ ቦታ አለው። ቆይተን እናስገባለታለን።»

አላመንኳትም። ስለ ሕመሜ ሁሉ ስትጠይቀኝ የአባቴን ነገር አነሣሁ፤ ከብርሃን ይሸሽ እንደነበር፣ ሰሌን ባርኔጣውን ቤት ውስጥም እንደማያወልቅ፣ ብሌኑ ነጥቶ እንደነበር።

«እሱም ይኸው ነው የነበረው?» አልኳት።

ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበችኝ። «ሳላያቸው ይህ ነበር ማለት አልችልም። የሚነግሩኝ ግን እሱን ይመስላል።»

«ይድን ነበር ማለት ነው?»

«ሊድኑ ይችሉ ነበር» አለች።

እዚያው ወንበር ላይ ቀረሁ። ቀጣዩን በሽተኛ አልጠራችም፤ ጠበቀችኝ። እኛ የአባታችንን ጆሮ ስናደንቅ የኖርንባቸው ዓመታት፣ ያ ሁሉ ኩራታችን፣ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ማንንም ልወቅስ አልችልም። እኔው ነበርኩ አጠገቡ ተቀምጬ የሚለኝን የምፈታ።

በሦስተኛው ቀጠሮዬ ልቤ ትንሽ ሲረጋጋ «ያ የተሰበረው ነገር ምን ይመስላል?» ብዬ ጠየቅኋት። የማየው ባይኖርም ሌንስ የሚያስገቡበትን፣ መክተቻ የሚሉትን መሣሪያ ባዶ ቱቦ እጄ ላይ አኖረችልኝ። እኔ የማሽን ሰው ነኝና ጣቶቼ ዝም አላሉም። አፉን፣ ገፊውን፣ የአውራ ጣት ማረፊያውን ዳሰስኩ። ሥራዬን ስነግራት ሳቀችና እንዲህ አለችኝ፦ እንዲህ ያለው መክተቻ አንዴ ብቻ ተሠርቶበት የሚጣል ነው፤ ከውጭ ስለሚመጣ ሲጠፋ ሌንሱ በሣጥን ተቀምጦ በሽተኛው ይመለሳል። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ተመስገን የሚባል መሐንዲስ ከእሷ ጋር ሆኖ በሙቀት ተቀቅሎ ደጋግሞ የሚያገለግል መክተቻ እየነደፈ ነው። ነገር ግን አልሳካ ብሏቸዋል።

ተመስገን በሳምንቱ መሪጌታን አስጠይቆ ቤታችን መጣ። የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆነ አባቴን በስም ያውቃል። በጠረጴዛዬ ላይ ሁለት የብረት ዘንግ የሚመስሉ ነገሮች አስቀመጠ።

«ይኼኛው በቪቴ የሚዞር ነው፣ እትዬ። ቀስ ብሎ ይገፋል፤ ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል። ዶክተሯ ደግሞ አንድ እጇ ሌላ ሥራ ላይ ነው» አለ። «ይኼኛው በአውራ ጣት የሚገፋ ነው። አንድ እጅ ይበቃዋል። እሱ ግን አፉ ጋ ሲደርስ ይይዝና ድንገት ይዘላል። ሌንሱንም ይቀድብናል።»

የሁለተኛውን ገፊ አውጥቼ ጫፉን በጣቴ ዞርኩበት። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ጣቴ ሌላ ሰው ሆኗል። በአንድ በኩል ትንሽ ነገር ጫረኝ።

«ጥርስ አለው» አልኩት።

«የቱ ጋ? በማጉያ መነጽር አይቼዋለሁ እኮ!»

እጁን ይዤ ጣቱን አስደገፍኩበት። አልተሰማውም። የሐር ክር ከሣጥኔ አውጥቼ ጫፉ ላይ ሳብኩት፤ ክሩ ያዘ፣ ተበጠሰም። ተመስገን ጎንበስ ብሎ ክሩን አየው።

«መቅደዱ ይህ ነው» አልኩት። «መዝለሉ ግን ሌላ ነው። የአውራ ጣት ጥፋት ነው። ጣት መንገዱ ሲጠብበት ኃይል ይጨምራል፤ ሲከፈትለት ለማቆም አይደርስም። ጨርቅ የሚጫነውን እግር አላየህም? ወፍራም ስፌት ላይ ሲወጣም ሲወርድም እኩል የሚጫነው ከላዩ ሞላ ስላለ ነው። አንተም ከአውራ ጣቱ ሥር ሞላ አግባበት። ጣቱን እየተቃወመው ይሂድ። ሲከፈትለት ሞላው ይይዘዋል።»

ከአሮጌ መኪና የወጡ ሞላዎች የሞሉባትን ቆርቆሮ አውርደን ስንሞክር ዋልን። አንዱ ይጠነክራል፣ ሌላው ይለሰልሳል። መሪጌታ ከማስተማር ሲመለሱ እኔና መሐንዲሱ እንደ ልጅ ስንጨቃጨቅ ደረሱ፤ በሩ ላይ ቆመው ሲስቁ ሰማኋቸው። ሳቃቸውን ከሰማሁ ቆይቶ ነበር። ተመስገን ያን ቀን የተስማማንበትን ይዞ ሄደና በትክክለኛው ብረት ሠራው፤ ጫፉንም በለስላሳ ነገር አለበሰው። ጊዜው ባለፈበት ሌንስ ሲሞክሩት መቅደዱ ቀረ፤ መዝለሉም እንደ በፊቱ አልሆነም።

የቀዶ ሕክምናዬ ቀን ሲደርስ ለዶክተር ሰናይት «በእኛው መክተቻ አስገቢልኝ» አልኳት።

«አይሆንም» አለች።

«እኔ ፈቅጃለሁ እኮ።»

«እርስዎ ቢፈቅዱም እኔ አልችልም። ገና በደንብ አልተፈተሸም፤ ፈቃድም የለውም። በሰው ዓይን አይሞከርም፣ በእርስዎ ዓይን ደግሞ በፍጹም።»

ተቀየምኳት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ፍርሃቴ የለቀቀኝ በዚያች «አይሆንም» ነው። ይህች ሴት ዓይኔን ለሥራዋ መሞከሪያ የማታደርግ ናት።

ግራ ዓይኔን የሠራችው በሌላው መንገድ ነው፤ ሰፋ ባለ ቀዳዳ የማይታጠፍ ሌንስ በወረንጦ ይዛ በእጇ አስገባች። ነርሷ በሙሉ ጊዜው እጄን ይዛ ነበር። እኔ «ቆይ» የሚል ቃል እየጠበቅሁ ጆሮዬን አቁሜ ተኛሁ። ቃሉ አልመጣም። «ገብቷል፣ እትዬ» ነው ያለችኝ።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ መንገዱ ተከፍቶ ኖሮ ሰብለ ክፍሉ ውስጥ ነበረች፤ ማን እንደጠራት አላውቅም። ቀይ ሹራብ ለብሳ ጥግ ይዛ ቆማለች። ልትቀርበኝ ፈርታለች። ከንፈሯን ስትነክስ አየሁ፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታጠፋ እንዲያ ታደርጋለች።

«ያን ቃል የተናገርኩሽ እኔ ነኝ እንጂ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አልኳት።

«እማዬ፣ ይታይሻል?» ብቻ ነው ያለችኝ።

«ሹራብሽ ክርኑ ላይ ተተርትሯል» ስላት እዚያው ሳቋም ልቅሶዋም አንድ ላይ መጣ።

ሱቄን ከፍቼ ስገባ ከጥገናው ጎን የምሸጣቸውን ክሮች አየሁ። ለሁለት ዓመት ግራጫ ነው ብዬ ለሰፊ ስሰጥ የነበረው ሰማያዊ ኖሯል። ስንቱ ሱሪ በተሳሳተ ክር እንደተሰፋ እግዜር ይወቀው፤ ማንም አልተናገረኝም። ጋሽ ይርሳው ሲመጣ ፊቱን አየሁት፤ እንዴት ሸብቷል! የበረንዳው የድሮ ሰዎች ከእሱ በቀር አልቀዋል። ያን ቀን ከሥራ ይልቅ እሱና እኔ ማን የት ይቀመጥ እንደነበር፣ የማን መኪና እንዴት ይጮህ እንደነበር ስንቆጥር ዋልን።

ቀኝ ዓይኔም ከወራት በኋላ ሌንሱን አገኘ። እንደ ግራው አልጠራም፤ ለእኔ ግን ይበቃኛል። ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው ይህን ካነበበ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከገበያ መነጽር ከመግዛቱ፣ ያልታዘዘለትን ጠብታ ከመጨመሩ በፊት የዓይን ሐኪም ይየው። አንዴ ያልተሳካለትም ተስፋ አይቁረጥ። ቤቱ ውስጥ «አርጅተዋል» ተብለው ጥግ የተቀመጡ አባት ወይም እናት ያሉት ሰው ደግሞ ነገ ዛሬ ሳይል ይውሰዳቸው።

መክተቻው ገና በፍተሻ ላይ ነው፤ ብዙ ወረቀት ይቀረዋል፤ ተመስገን ዓመታት ሊወስድ ይችላል ይላል። በቅርቡ ግን ዶክተር ሰናይት ሠልጣኞች በበግ ዓይን የሚለማመዱበት ቀን ጠራችኝ። ዓይኖቹን ከሥጋ ቤት ነው ያመጧቸው። ጥቂት ሠልጣኞች ተራ በተራ ከሞከሩ በኋላ «እትዬም ይሞክሩ» አለችኝ።

ማጉያው ላይ ሁለቱንም ዓይኔን አደረግሁ። መክተቻውን ያዝኩና በአውራ ጣቴ ገፋሁ። ሞላው ሲመልሰኝ ይሰማኛል። የተጠቀለለው ሌንስ ከቱቦው አፍ ቀስ ብሎ ወጣ፤ አንድ እግሩን ዘረጋ፣ ቆየት ብሎ ሌላውን፤ ከዚያ እንደ ቅጠል ተከፈተ። በእኔ ዓይን ውስጥ አንዴ ሳይሳካ የቀረው ይህ ነበር። እጄን አነሣሁ፤ ዓይኔን ግን ማንሣት አቃተኝ።

ከኋላዬ አንዲት ሠልጣኝ ነርስ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። «እትዬ፣ ተራ የሚጠብቅ አለ» አለችኝ።

«ትንሽ ቆዪኝ፣ ልጄ» አልኳት። «ገና እያየሁ ነው።»